ረዳቴ ከወዴት እንደ መጣ

ጧሪ የሌላቸውን የአልጋ ቁራኛ አረጋውያን የሚያነሣው ማኅበራችን ሐዋሳ ላይ እንዴት እንዲህ ሊሰፋ እንደ ቻለ ለሚጠይቁኝ ሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው የአንዲት የሐምሌ ሌሊት ታሪክ ነው፤ ያችን ሌሊት ዘልዬ የእግዚአብሔርን ሥራ መመስከር አይቻለኝምና።

አገልግሎቱ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው ከማጀቴ ለሦስት እናቶች ምሳ ቋጥሮ በመውሰድ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ከታቦር ተራራ ግርጌ በተከራየነው ቤት 11 ነፍሳት ነበሩን፤ የሁለት ወር ኪራይም ተወዝፎብን ነበር።

ራሳቸውን ችለው መገላበጥ የማይችሉ ሰዎች በአንድ ጎን ሲቆዩ ገላቸው ስለሚቆስል፣ ሌሊትም ቢሆን በየ2 ሰዓቱ እናገላብጣቸዋለን። በዚያች ሌሊት ተራው የእኔ ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንዲት እናታችንን በግራ ጎናቸው አስተኝቼ ትራስ በጉልበታቸው መካከል ሳስገባ እግሬን ቀዘቀዘኝ። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር በሻማው ዝቅ ብዬ ባይ፣ በረንዳ ላይ ያወለቅሁት ነጠላ ጫማ በውኃ ላይ ተንሳፍፎ በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ከታቦር የወረደው ጎርፍ አጥራችንን ጥሶ ነበር።

አልጋ ስላልበቃን አምስቱ አባቶች የሚተኙት መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነበር። አብራኝ ከምታድር አንዲት ልጅ ጋር አንድ በአንድ ተሸክመን አልጋ ላይ ከሌሎቹ ጋር ስናጋድማቸው ውኃው ከጉልበታችን ደረሰ። አልደብቅም፤ በዚያ ሰዓት ጸሎት ከአፌ አልወጣም። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ? እያልሁ ወደዚህ ተራራ ሳንጋጥጥ ከረምሁ፤ ከተራራው የሰደድህልኝ ይህንን ነው ወይ?» ብዬ በፈጣሪዬ ላይ ጮኽሁ። ይቅር ይበለኝ። አማርኛ የማይችሉት እናታችን ግን በጨለማው ውስጥ በሲዳምኛ «ማጋኖ፣ ማጋኖ» እያሉ በለሆሳስ አምላካቸውን ይጠሩ ነበር። እርሳቸውን ስሰማ አፍሬ ዝም አልሁ።

ያ የቁጣ ጩኸቴ ግን ጎረቤታችንን የባጃጅ ሾፌር ከእንቅልፉ ቀስቅሶት ኖሯል። የእጅ ባትሪ ይዞ ደረሰ፤ ሁኔታውን አይቶም ወደ ዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ሮጠ። (ወንድሜ ሆይ፣ እስከ ሱብሒ ሶላትህ ድረስ ከውኃው አልወጣህም፤ አላህ ብለህ የምትጠራው ጌታ ዋጋህን ይክፈልህ።) ሰው ሲሞት ብቻ የሚነፋው ጡሩንባ በዚያች ሌሊት በሕይወት ላሉት ተነፋ። ለቀብር የመሰለው ሰፈርተኛ በሩን እየከፈተ ወጣ፤ ጎበዛዝቱ አስከሬን በሚሸከሙበት ቃሬዛ አረጋውያኑን ወደ ዕድሩ አዳራሽ አመላለሷቸው። ሴቶቹ ከየቤታቸው ደረቅ ጋቢና ትኩስ አጥሚት ይዘው መጡ። እናቶቼ፣ ያ አጥሚት እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም። ጎሕ ሲቀድ ቆጠርኋቸው፤ 11 ነበሩ።

ዕድሩ አዳራሹን መልሶ አልጠየቀንም፤ እያንዳንዱ አባል ከወርኃዊ መዋጮው ላይ 5 ብር እንዲጨምርልን ወሰነ፤ ሁለት ጎረቤት ዕድሮችም ተከተሉት። ከስምንት ወር ደጅ ጥናት በኋላ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዘገብን። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሲያዝዝ አንዳንዶች ሰጉልን፤ እኛ ግን ሒሳባችንን ዕድርተኛው ስለሚይዝልን፣ አዳራሹም ኪራይ ስለሌለው፣ ብሩ በሙሉ ለማለት ይቻላል ለምግብ፣ ለመድኃኒትና ለአንሶላ ይውላል። ከማድጋው ዱቄት አልጎደለም፤ ዛሬ በአዳራሹና አጠገቡ በተሠሩት ክፍሎች 38 አረጋውያን ይጦራሉ፤ በየቤታቸው የምንጎበኛቸውም ከ90 በላይ ናቸው። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

እኒያ «ማጋኖ» ይሉ የነበሩት እናታችን አምና በጥር አረፉ። ያው ሰው ጡሩንባውን ነፋላቸው፤ በዚያው ቃሬዛም ሸኘናቸው።