ሳይንቲስቱን ደሴ ላይ መደበቅ አቃተኝ

ባለፈው ስንገናኝ «ልቦለዱ የት ደረሰ?» ብላችሁኝ ነበር። ይኸው 7ኛ ወሩ ነው፤ 11 ምዕራፍ ጽፌ 4ቱን ቀድጃለሁ። የተቀደዱት ናቸው ያስተማሩኝ።

ለአዲሶቹ ባጭሩ፦ የስለላ ታሪክ ነው። የሚታደን ተመራማሪ አለ፤ በሕይወት አዲስ አበባ የማድረስ ግዳጅ የተጣለባት ሐያት የምትባል የደኅንነት ሠራተኛ አለች። መቼቱ ከቆቦ እስከ ኮምቦልቻ።

መጀመሪያ ሰውየውን የኑክሌር ሊቅ አድርጌው ነበር፤ ሳነባቸው ያደግኋቸው ሁሉ እንደዚያ ስለነበሩ። ቆቦ አጎቴ ማሳ ላይ አቀንጭራ ሲነቅሉ ሳይ ነው ሐሳቤ የተለወጠው። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ይዞ ይመጠዋል። አንዷ ተክል በ10 ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ አድፍጦ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይህን ምልክት እምብዛም የማያወጣ ማሽላ ላይ ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። ምልክት የሚጠብቅ ጠላት፣ ምልክት የማይሰጥ ተክል! ስለላ ሌላ ምን አለው? ሰውየዬ የዚህ ዓይነት ዘር አርቢ ሆነ።

«በእፍኝ ማሽላ ሰው ይታደናል ወይ?» ላላችሁኝ፦ ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ የሰብል ዘር ሰብስቦ ሄዷል። በ1940 የስታሊን መንግሥት አሰረው፤ በ1943 እስር ቤት ሞተ።

ወደ ስህተቴ ልምጣ። ምዕራፍ 5 ላይ ሐያት ተመራማሪውን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ትደብቀዋለች። መጋረጃ ተዘግቷል፣ 9 ቀን አይወጣም፣ ድምፅ የለም። ልክ እንደ ማሽላው ዝም እንዲል ነበር ያሰብኩት። በጣም ኮርቼበት ለጎረቤታችን ለእትዬ አነበብኩላቸው። ፍንጃላቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ይኸ ሰውዬ ታሟል ወይስ ሞቷል? 9 ቀን ሙሉ ቡና ያልጠራው ጎረቤት ምን የሚሉት ነው? እኔ ብሆን በ3ኛው ቀን ንፍሮ ይዤ በሩን አንኳኳ ነበር» አሉኝ። ወላሂ እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ዝምታ ራሱ ምልክት ነው! ያ የተዘጋ መጋረጃ ለሰፈሩ ሁሉ ጥሩምባ ነፍቷል።

እንደገና ጻፍኩት። አሁን ተመራማሪው ቡና ይጠራል። አቦል ላይ አገሩን ይጠየቃል፣ ቶና ላይ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በረካ ላይ ለምን እንዳላገባ። አቦል ላይ «የመርሳ ልጅ ነኝ» ያለው ሰው ቶና ላይ ተዘናግቶ የቆቦ አጎቱን ያነሣል። ከዕጣኑ ጭስ ወዲያ የተቀመጡት አሮጊት አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ ሐያት ታያለች። ሽጉጥ የለበትም፤ ከጻፍኩት ሁሉ ልብ ሰቀላው የበረታው ግን እሱ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ሐረጎ ላይ የጻፍኩትን የመኪና ማሳደድ ደግሞ አንድ የተሳቢ ሾፌር ሳቀበት። «በ120 ነው የሚነዱት? ጉም ባለበት ቀን? ከፊትህ የሚጎተተውን ተሳቢ ረሳኸው?» ስለዚህ አሁን አዳኝና ታዳኝ አንድ ተሳቢ ኋላ ተሰልፈው፣ በ15 ፍጥነት፣ በመስታወት እየተያዩ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ምዕራፉ ግን አላልቅ ብሎኛል።

ሐይቅ እስጢፋኖስም ላስጠልለው ፈልጌ ነበር። ገዳሙ ሴት እንደማያስገባ ትዝ ያለኝ ሐያትን በሩ ላይ ካደረስኳት በኋላ ነው። አላወጣኋትም፤ እዚያው ውጭ ትጠብቅ ብዬ ተውኳት። ሙያዋን ሁሉ ይዛ ቆማ የምትቀርበትን ቦታ በአጋጣሚ አገኘሁ።

የከበደኝ ምዕራፍ 12 ነው። የተመራማሪው የማሽላ ዘር ባቲ ገበያ፣ ወተት በጉንጬ የሚባለው የማሽላ ዓይነት የተሞላ ጆንያ ውስጥ ተደባልቋል፤ ጆንያውን ሌላ ሰው ገዝቶታል። ነጋዴ እፍኝ ማሽላ አንሥቶ ድብልቅ መሆኑን በምን እንደሚለይ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ሰኞ በጠዋት ወደ ባቲ እወርዳለሁ፤ አብሮኝ የሚሄድ ካለ መናኸሪያ እንገናኝ። ምዕራፍ 6ን የምትጠይቁኝ ደግሞ ታገሡ፤ እትዬ «ልጆቹ ያንብቡልኝ» ብለው ወስደውት እስካሁን አልመለሱልኝም።