ሳጥኑን ከፈትኩት፤ ለመቁረጥ ግን አልቸኮልኩም

ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ልብ ይሰርቃል። ታንኩ ጭሱን ሰንጥቆ፣ ጭቃ እየረጨ ሲመጣ ታያላችሁ። ችግሩ ሥዕል አይገጣጠምም። እኔ በሥዕል ከአንዴም ሁለቴ ተሸውጃለሁ። ስለዚህ አሁን አዲስ ኪት፣ ማለትም ቆርጠው የሚገጣጥሙት የፕላስቲክ ሞዴል፣ እጄ ሲገባ ሁለት ሦስት ቀን ለሙከራ ከሚያስፈልገኝ በቀር ምንም አልቆርጥም። አያለሁ፣ እለካለሁ፣ አጉረመርማለሁ፣ ከዚያ ነው መቁረጫ የማነሳው።

የአሁኑ ቲ-34/85 ነው፣ በ1/35፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ። የድሮው ቲ-34 የነበረው 76 ሚሊሜትር መድፍ በ85 ሚሊሜትር ተተክቶ እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ መመረት የጀመረው የሶቪየት ታንክ። ስለማጉረመርም የኪቱን አምራች ስም እተወዋለሁ።

ሰዎች ኪት ሲገመግሙ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ቁርጥራጭ ብዛት ነው። «ይሄን ያህል መቶ ፍሬ አለው!» ይላሉ። ይሁን። እኔ በዚህ ነገር ከተቃጠሉት አንዱ ነኝ። ከዚህ በፊት የገዛሁት አንድ ኪት የመሣሪያ ሳጥኑ እጀታ ብቻ ከሦስት ፍሬ ይሠራ ነበር። የመርፌ ጫፍ የምታክል ነገር በወረንጦ ይዤ ስታገል ተፈናጥራ ጠፋች፣ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ያ ሁሉ ድካም አልቆ የታንኩ የላይኛውና የታችኛው አካል አልገጥም አለ! መሃላቸው ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት። ከዚያ ወዲህ ፍሬ መቁጠር ትቼ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ ያለበትን ጉድለት በእጄ ላስተካክለው እችላለሁ ወይስ አልችልም?

የማይስተካከለው ቅርጽ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ። እውነተኛው ታንክ መድፉን ሳይጨምር 6.1 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ወርዱ 3 ሜትር ነው። ለ35 ስታካፍሉት ወደ 174 እና 86 ሚሊሜትር ይመጣል። ካሊፐር (ሚሊሜትር በትክክል የሚለካ መሣሪያ) አውጥቼ ለካሁ። ወርዱ ልክ ነው፣ ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ያጥራል። ያ በእውነተኛው ታንክ ላይ 3.5 ሴንቲሜትር ማለት ነው፤ ይህን በዓይኑ ለይቶ የሚያይ ሰው ካለ አልከራከረውም። ይልቅ የሚያስፈራኝ የፊቱ ሳህን ነው። ከቁም መስመር 60 ዲግሪ ያዘነብላል፣ እና ይህ ዝንባሌ ከተበላሸ በሞረድም በስቱኮም አትመልሱትም፣ ሌላ ታንክ ይሆንባችኋል። ካርቶን በዚያው ማዕዘን ቆርጬ ጎኑ ላይ አስጠጋሁት። ልክክ አለ። እዚህ ላይ ተነፈስኩ።

ቱሬቱ ግን፣ ማለትም መድፉን ተሸክሞ የሚዞረው ራሱ፣ አናደደኝ። የእውነተኛው ቱሬት ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ላዩ ሻካራ ነው፣ የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ ጎኑ ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል፣ ጦርነት ላይ ስለነበሩም ማንም ቁጭ ብሎ አላሳመረውም። የታችኛው አካል ደግሞ ከተዳመጠ ሳህን ብረት በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ለስለስ ይላል። ለእኔ የቲ-34/85 መልክ ግማሹ ይህ ልዩነት ነው። እዚህ ኪት ላይ ሁለቱም እኩል ልስልስ ናቸው። ቱሬቱ የተላጠ እንቁላል ይመስላል።

ደግነቱ መድኃኒት አለው። ቀጭኑ የሞዴል ሙጫ ፕላስቲኩን ራሱን ነው የሚያቀልጠው። ትንሽ ትንሽ ቦታ እየቀባችሁ፣ ላዩ ሲለሰልስ ጸጉሩ አጥሮ በተቆረጠ ጠንካራ ብሩሽ ቶሎ ቶሎ መጠቅጠቅ ነው። ይሻክራል። መስኮት ክፈቱ ብቻ፣ ሽታው ራስ ያዞራል። የማይረባ ፍሬ ላይ ሳትሞክሩም ቱሬቱ ላይ እንዳትጀምሩ።

ቀጥሎ ጎማዎቹ። ይሄ የአምራቹ ስንፍና ነው እንጂ የፕላስቲኩ ጥፋት አይደለም። ኪቱ ሁለት ዓይነት ጎማ ሰጥቷል፤ አንደኛው የጦርነቱ ጊዜ፣ ሌላው በኋላ ቲ-54 ከተባለው የሶቪየት ታንክ የመጣው፣ ኮከብ ዓሣ የሚመስለው። የማቅለሚያ ምርጫ ተብሎ የተሰጠው ደግሞ ቱሬቱን በነጭ ቀለበት የከበበ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በርሊን የገባ ታንክ ነው። ነጩ ምልክት የራስ አውሮፕላኖች በስህተት እንዳይመቱት የተቀባ ነው፣ እሱ እውነት ነው። መመሪያው ግን ለዚህ ታንክ የኮከብ ዓሣውን ጎማ ግጠሙ ይላል! ያ ጎማ ከጦርነቱ በኋላ ነው የመጣው። መመሪያውን ብቻ የሚከተል ጀማሪ ሳያውቀው ከዘመኑ ያልሆነ ታንክ ይሠራል። እኔ መመሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ።

አሁን ሰንሰለቱ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ፈጀሁ፣ ምክንያቱም ቲ-34 ከብዙ ታንኮች በዚህ ይለያል። ሰንሰለቱን ከላይ የሚደግፉ ትናንሽ ተሽከርካሪዎች የሉትም። የላይኛው ክፍል በትልልቆቹ ጎማዎች አናት ላይ ተኝቶ ነው የሚያልፍ፣ በመሃል በመሃላቸውም ረገብ ይላል። ኪቱ ውስጥ እንደ ላስቲክ የሚለመጥ አንድ ወጥ ሰንሰለት ከተሰጣችሁ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሮ ይቀራል። በክር ወደ ታች ካልሳባችሁት ነገሩ ሐሰት ነው። የእኔ ኪት አንድ በአንድ የሚያያዝ ሰንሰለት ነው ያለው፣ በጎን 72 ጥፍር (የሰንሰለቱ አንድ አንድ ቁራጭ)፣ በሁለቱ 144። ግማሾቹ መሃላቸው ላይ ጥርስ አላቸው፣ ግማሾቹ የላቸውም፤ አንድ ባለ ጥርስ፣ አንድ ያለ ጥርስ እያላችሁ ታያይዛላችሁ። እያንዳንዱ ጥፍር ፍሬዎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ጋር በሦስት ቦታ ተያይዟል። አስሉት፦ ከ430 በላይ ቦታ መቁረጥና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ማለት ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሙከራ ብዬ አሥር አያይዤ ጎማዎቹ ላይ ሳጋድማቸው በራሳቸው ክብደት ረገቡ። ቆንጆ ነው። ለዚህ ብቻ ብዙ ይቅር አልኩት።

የቀረውን ቶሎ ልበለው። ፕላስቲኩ ሲወጣ የሚገፉት ዘንጎች የሚተዉት ክብ ምልክት ክዳኖቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ አለ። ክዳኑን ከዘጋሁት ማን ያየዋል? መድፉ አንድ ወጥ ነው፣ ተመስገን። ከሁለት ግማሽ የሚጣበቅ መድፍ መጋጠሚያውን ስትፈገፍጉት ሞላላ ይሆናል። የሞተሩ ጀርባ ላይ ያለው ወንፊት ግን ድፍን ፕላስቲክ ነው። እውነተኛው አየር የሚያሳልፍ የሽቦ መረብ ስለሆነ በቀጭን የብረት መረብ እቀይረዋለሁ። ለእሱ የሞዴል ሙጫ አይሠራም፣ ብረት አያቀልጥማ፤ ሱፐር ግሉ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ያው ያቃጠለኝ ነው። የላይኛውንና የታችኛውን አካል ያለ ሙጫ ገጥሜ በፕላስተር አሰርኩት። ፊት ለፊት ተዘጋ። ጎኖቹ ተዘጉ። ከኋላ በኩል የወረቀት ውፍረት የምታህል ስንጥቅ ቀርታለች፣ እሷም በጣት ጫን ሲሏት ትጠፋለች። ያንን የድሮውን ኪት የገጠምኩበት ጠረጴዛ ላይ ስለነበርኩ ትንሽ ፈገግ አልኩ።

ስለዚህ ይሠራል። ቱሬቱን አሻክራለሁ፣ ወንፊቱን እቀይራለሁ፣ የጦርነቱን ዘመን ጎማ እገጥማለሁ፣ ክዳኖቹን እዘጋለሁ። ለጀማሪ ግን አልመክረውም። አስቸጋሪ ሆኖ ሳይሆን መመሪያው ስለሚዋሽ ነው። ታንኩን የሚያውቅ ሰው ከሆናችሁ ውሰዱት።

እኔ ትናንት ማታ ሰንሰለቱን ጀምሬያለሁ። 31 ጥፍር ተለስልሷል፣ 113 ይቀረኛል።