ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴን ልጠይቅ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጣሁ። ከቃሊቲ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ከተለመደው ሒሳብ ጨመር አድርጎ ጠየቀ።

"የኔ ልጅ፣ ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም" አሉት አንድ እናት።

"እማማ፣ ትናንት ትናንት ነው" አላቸው።

ሁላችንም ሳቅን። ግን ንግግሩ እስክወርድ ድረስ ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ ምሁራን ስለ ዋጋ ንረት በብዙ ገጽ የሚጽፉትን ልጁ በሦስት ቃል ጨርሶታል። ፖለቲካ ግን ማንም አላነሳም። ድሮ ታክሲ ውስጥ የማያውቀውን ሰው ይሞግት የነበረ ሁሉ አሁን ስልኩ ላይ አቀርቅሯል (እኔም ጭምር፣ ልዋሽ አልችልም)።

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። በዋዜማው አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። እርምጃው ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም። ባንክ ዶላር አልነበረም፣ ጥቁር ገበያው ደግሞ እጥፍ ያስከፍል ነበር። ግን ሒሳቡን የሚከፍለው ደሞዝተኛውና ጡረተኛው ነው።

አጎቴ ጡረተኛ ነው። ሁለት ክፍል ጨርሶ ገብቶበታል፤ የቀረው ቤት ግድግዳ ብቻ ነው፣ ከላዩ ፌሮ ተንጨፍርሮ ይታያል። ግቢው ውስጥ ብሎኬት ተደርድሯል። ትንሽ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር አሥርም ሃያም ይገዛል።

"ጋሼ፣ ለምን ባንክ አታስቀምጠውም?" አልኩት።

"ብር ካደረ ይቀልጣል። ፌሮ ቢበዛ ይዝጋል" አለኝ።

እንግዲህ ፍልስፍና ማለት ይኼ ነው። ገንዘብ ቃል ኪዳን ነው፤ ዛሬ በተቀበልኩት ነገም በዚያው ልክ እገዛበታለሁ ብለህ ታምናለህ። ሰው ብሩን ወደ ብሎኬት ሲቀይር ነገን አላምንም እያለ ነው፣ አፉ ዝም ቢልም።

የእነ አጎቴ እቁብ ሳይቀር ታሟል። ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ሁሉም እኩል ይወስዳል፣ ይህ ድሮ ፍትሐዊ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ቆርቆሮውን ገዝቶ ያለብሳል፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው በዚያው ብር ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ባለፈው ዙር ተጣልተው ዳኛው ናቸው ያስታረቁት። እርስ በርስ ይተማመናሉ፣ የማያምኑት የሚመጣውን ዓመት ነው።

ጎረቤቱ ደግሞ እዚሁ ሰፈር ጤፍ ያርሱ ነበር። መሬት በየካቲት 1967 አዋጅ ከባላባት ወጣ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አይሸጥም አይለወጥም አለ፣ ከተማው ግን መጣባቸው። ካሣው አልቋል። አሁን ድሮ ባረሱት መሬት ላይ የቆመ ሕንፃ ይጠብቃሉ። ስለ መንግሥት ምን እንደሚያስቡ ስጠይቃቸው ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው አሉኝ።

ቡና ሲፈላ ወንበር አልበቃ አለ። አጎቴ በረንዳው ላይ ወዳለ የሲሚንቶ ከረጢት ጠቆመኝ። ይወደዳል ብሎ አሥር ኩንታል ገዝቶ አስቀምጦት፣ ክረምቱ ገብቶበት ድንጋይ ሆኗል።

"ውድ ወንበር ነው፣ ተመቻችተህ ተቀመጥ" አለችኝ ባለቤቱ።

በረካ እስኪደርስ ተቀመጥኩበት።