ባሌ «ኤቢ»፣ ልጄ «ኦ»

ይህን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጣጣ ባላየሁ ነበር።

ትምህርት ቤት የልጁን የደም ዓይነት አምጡ አለን። አስመረመርነው፣ «ኦ ፖዘቲቭ» ወጣ። እኔም ኦ ነኝ። የባለቤቴ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ግን «ኤቢ» ይላል። ነርስነት የምትማረው እህቱ ይህን አይታ «ልጁ የወንድሜ አይደለም» ብላ ለእናቷ ሹክ አለች።

ስሌቷ ልክ ነው። ልጅ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የደም ፊደል ይወርሳል። ኤቢ የሆነ አባት ወይ ኤ ወይ ቢ ነው የሚያወርሰው። እናትየው ኦ ከሆነች ልጁ ኤ ወይም ቢ ይሆናል እንጂ ኦ አይሆንም። በጣም አልፎ አልፎ ከዚህ የሚወጣ አለ፣ እሱን ለሐኪም እንተወው። መታወቂያው ልክ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ባለቤቴን ይዤ ሌላ ላብራቶሪ ሄድኩ። ባለሙያዋ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት የደም ጠብታ አኖረች። አንዱ ላይ ሰማያዊ (የኤ መለያ)፣ አንዱ ላይ ቢጫ (የቢ መለያ)፣ ሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለው ፈሳሽ (የፖዘቲቭና የነጌቲቭ መለያ) ጠብ አደረገች። ሰማያዊ የነካው፣ ሲናጥ ቅቤ ማውጣት እንደጀመረ እርጎ ቋጠር ቋጠር አለ። ቢጫ የነካው እንዳለ ቀረ። «ኤ ናቸው» አለች። ኤ ሆኖ ኦን ደብቆ የያዘ አባት ደግሞ ከኦ እናት ኦ ልጅ ሊወልድ ይችላል። አለቀ።

አላለቀም። ኤቢ ብሎ የጻፈው ክሊኒክ እንዲያርምልን ሄድን። መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ ቀና እንኳን ሳይል «እኛ ጋ ስህተት የለም» አለን። እሺ፣ ድጋሚ መርምሩት። «ክፈሉ።» ከፈልን። እዚያው እነሱ ጋ ኤ ወጣ። ታዲያ አርሙት? «የድሮ መዝገብ አይነካም፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይምጣ።» መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከክሊኒኩ ደብዳቤ ይምጣ አለ። ለአንዲት ፊደል! ደግነቱ ሆስፒታል ደም ከመስጠቱ በፊት ራሱ ይመረምራል። መታወቂያ ቢያምኑ ኖሮ ስንቱ ባለቀ።

ከሁሉ ያበሸቀኝ ግን የአማቴ እልልታ ነው። «ይኸው የልጄ ልጅ መሆኑ ተረጋገጠ!» አሉ። «እማማ፣ ምንም አልተረጋገጠም» አልኳቸው። የደም ዓይነት «አይደለም» ሊል ይችላል እንጂ «ነው» አይልም። ከኤቢዎቹ በቀር የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሊጠረጠር ነው! «አይደለም» ሲልም የሚሰማው ላያገኝ ይችላል። የፊልም ኮሜዲያኑ ቻርሊ ቻፕሊን «የሕፃኗ አባት ነህ» ተብሎ ሲከሰስ፣ እሱ ኦ፣ እናትየዋ ኤ፣ ሕፃኗ ቢ ነበሩ። አባቷ ሊሆን አይችልም። ግን እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ ውስጥ ጁሪው (ፍርድ ቤት የሚፈርዱት ተራ ዜጎች) «አባቷ አንተ ነህ» አለው።

የክሊኒኩ ሐኪም «ለእርግጠኝነት ዲኤንኤ አሠሩ» አለን። አላሠራም አልኩ። አባት ልጁን ክዶ ቀለብ አልቆርጥም ካለ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ የሚያዋጣው ዲኤንኤ ነው፤ በደም ዓይነት አትከራከሩ። እኔ ግን በሌላ ሰው የጽሕፈት ስህተት ለምን እመረመራለሁ? እናንተም ቤት ውስጥ ቃል ከመተንፈሳችሁ በፊት ሦስታችሁም ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ተመርመሩ። ልጁ አራስ ሳለ የተመረመረ ከሆነማ ግዴታ ነው።

ባለቤቴ ዲኤንኤ የሚባል ነገር አንድም ቀን አላነሳብኝም። እህቱ ግን እስከዛሬ ይቅርታ አላለችኝም።