ክለብ እየቀያየሩ ፉቲ መጫወት፦ ከፉትስክሬይ እስከ ዳርዊን

«ስንት ክለብ ተጫወትክ?» ሲሉኝ ጣቶቼን መቁጠር እጀምራለሁ። ፕሮፌሽናል አይደለሁም፤ የኤኤፍኤልን፣ ማለትም የአውስትራሊያን ትልቁን የፉቲ ሊግ፣ ደጃፍ አልረገጥኩም። የማወራው ከዚያ በታች ስላለው ሰፊ ዓለም፣ ስለ ሰፈርና ስለ ገጠር ክለቦች ነው። ሙያዬ ኤሌክትሪሺያን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ተከላካይ ነኝ። ሥራውና ኳሱ እየተጋገዙ አውስትራሊያን ከታች እስከ ላይ አዙረውኛል።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው። ፉቲ በሞላላ ሜዳ፣ በሞላላ ኳስ፣ 18 ለ18 ሆነው የሚጫወቱት ነው። ሜዳው ከ135 እስከ 185 ሜትር ይረዝማል። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። ኳሱን በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፣ መወርወር ግን ክልክል ነው። ወይ በእግርህ ትመታዋለህ፣ ወይ በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላኛው ቡጢ መትተህ ታቀብላለህ። በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መሃል በእግር ካስገባህ 6 ነጥብ፣ በእነሱና በጎናቸው ባሉት አጠር ያሉ ቋሚዎች መሃል ካለፈ 1። ቢያንስ 15 ሜትር የተጓዘ ምት አየር ላይ ከቀለብክ ደግሞ «ማርክ» ይባላል፤ ማንም ሳይነካህ ተረጋግተህ ትመታለህ።

ያደግኩት ፉትስክሬይ፣ የሜልበርን ሰፈር ነው። ከኒኮልሰን ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተነስተህ በእግርህ ዊተን ኦቫል ትደርሳለህ፤ የኤኤፍኤሉ ክለብ የዌስተርን ቡልዶግስ ቤት ማለት ነው። የኛ ልጆች ግን የሚያባርሩት ክቡን ኳስ ነበር፣ እኔም ጭምር። ወደ ፉቲ የገባሁት ትምህርት ቤት ሰው ጎድሏቸው ነው። እማዬ የመጀመሪያውን ጨዋታ አይታ «ይሄ ጠብ ነው እንጂ ጨዋታ ነው እንዴ ልጄ?» አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቡልዶግስ ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ ሰፈሩ በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ ተጥለቀለቀ። ያኔ እሷም ስካርፍ ገዛች።

ዘግይቶ ለጀመረ ሰው ትልቁ ጣጣ ምቱ ነው። ክብ ኳስ የለመደ ሰው ሁሉን ነገር በእግሩ ሊጨርስ ይፈልጋል። እዚህ ግን ነገሩ ያለው እጅ ላይ ነው። ኳሱን ቀጥ አድርገህ ትይዛለህ፣ በአንድ እጅህ እየመራህ እግርህ ላይ ትለቀዋለህ። ሲወርድ ትንሽ ካዘነበለ በቃ፣ ምቱ ተበላሸ። ደህና ከተለቀቀ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር አላሳየኝም። ቁም፣ ልቀቅ፣ ቀስ ብለህ ምታ፣ ፊት ለፊትህ የቆመው ልጅ ደረት ላይ አድርስ። ይሰለቻል። ግን ዛሬም የምኖረው በዚያ ነው።

ዋናው እንጀራዬ ግን ስፖይል ነው። አጥቂው ኳሱን ሊቀልብ ሲዘል ከኋላው ተነስተህ ኳሱን በቡጢ ታባርረዋለህ። ጀርባውን ከገፋህ ቅጣት ምት ነው፤ ስለዚህ ከትከሻው በላይ ማለፍ ያለበት ክንድህ ብቻ ነው። ዓይንህ ከኳሱ መነቀል የለበትም። ፎቶ የሚያስነሳ ሥራ አይደለም፣ ማንም አያጨበጭብልህም። ክለብ ለሚቀያይር ሰው ግን ወርቅ ነው። ጎበዝ አጥቂ አዲስ ቡድን ውስጥ ለመዋሃድ ጊዜ ይፈልጋል፤ አቀባዮቹ ወዴት እንደሚሮጥ እስኪለምዱት ድረስ ይቸገራል። ስፖይል የሚያደርግ ተከላካይ ማንንም አይጠብቅም። ሐሙስ ደርሶ ቅዳሜ ይጠቅማል። እኔ በየሄድኩበት ቋሚ ተሰላፊ የሆንኩት ይሄን አሰልቺ ሥራ የሚሻማኝ ስለሌለ ነው።

የሙያ ወረቀቴን እንደጨረስኩ ሼፐርተን አካባቢ ያለ የገጠር ክለብ ጠራኝ። ከሜልበርን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን፣ የፍራፍሬ አገር ነው። በየጨዋታው የተወሰነ ብር ይከፍላሉ፤ የሚያኖር ግን አይደለም። ይልቅ ሥራና ቤት በማፈላለግ አንደኛ ናቸው። የኮሚቴ አባል ሁሉ ኤሌክትሪሺያን የሚፈልግ ዘመድ አያጣም።

ብዙ ሰው የማያውቀው የነጥቡን ጉዳይ ነው። ሜልበርንና ሼፐርተን ባሉበት በቪክቶሪያ ግዛት እንዲህ ባሉ ክለቦች እያንዳንዱ ተጫዋች ከ1 እስከ 6 ነጥብ ይሰጠዋል። ክለቡ ያሳደገው ልጅ 1 ነው፤ ትልቅ ሊግ ያየ ሰው ከላይ ይቀመጣል። የቡድኑ ድምር ደግሞ ከጣሪያው ማለፍ አይችልም። ዓላማው ገንዘብ ያለው ክለብ ጎበዙን ሁሉ እንዳይጠራርግ ነው። ለመጤ ግን ነገሩ ወዲህ ነው፦ ስትመጣ ውድ ነህ፣ ከቆየህ በየዓመቱ ነጥብህ ይቀንሳል። ስለዚህ ደውሎ «አንተን እንፈልጋለን» የሚልህ ሰው በልቡ ሂሳብ እየሠራ ነው። አንዴ ደህና እየተጫወትኩ ድምሩ አልገባ ብሎ ከቡድን ወጣሁ። እንዴት እንደበገንኩ! አሁንም ግን ሕጉን እደግፋለሁ። የመንደሩ ልጅ በእኔ ምክንያት አጥር ላይ ተደግፎ መዋል የለበትም።

ገጠር ውስጥ ከቅዳሜ ይልቅ ሐሙስ ይበልጣል። ሐሙስ ማታ ልምምድ አለ፣ ከዚያ አሰላለፉ ይነገራል፣ ከዚያ ሁሉም ክለቡ ውስጥ አብሮ ይበላል፤ የኔትቦል (ቅርጫት ኳስ መሰል ጨዋታ) ቡድኑ ሴቶች፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ደግሞ ዐቢይ ጾም ላይ ነን። ሥጋም ወተትም እንደማልበላ ለወጥ ቤቷ ሴትዮ ነገርኳት። በሚቀጥለው ሐሙስ የዱባ ሾርባ ያለ ክሬም ለብቻ አስቀምጣ፣ ክዳኑ ላይ ስሜን ጽፋ ጠበቀችኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ከዚያ ክለብ እንዴት ልውጣ! ሁለት ክለብ በሚበልጥ ብር ጠርቶኝ እምቢ ብያለሁ።

የደቡቡ ውድድር በመስከረም ሲዘጋ በሰሜን ጫፍ ያለችው የዳርዊን ከተማ ይከፈታል። እዚያ የሚጫወቱት በዝናቡ ወቅት ነው፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት። ክለቦቹ ከደቡብ ተጫዋች ያስመጣሉ፤ እኔም ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። እርጥበቱን መግለጽ ይከብዳል። ማታ ሳትሮጥ ያልብሃል፣ ኳሱም ሳሙና እንደተቀባ ዓሣ ያዳልጣል። ከዳርዊን ማዶ ያሉት የቲዊ ደሴቶች ልጆች በዚያ ኳስ የሚሠሩትን ማየት ነበረባችሁ። ሊይዙት አይታገሉም፤ በጣታቸው መታ አድርገው ወደፊት ይገፉትና ቀድመው ይደርሱበታል። ሞሪስ ሪዮሊና ማይክል ሎንግ ከዚህ ጨዋታ ወጥተው ነው የትልቁ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ኮከብ የሆኑት፣ አንዱ በ1982፣ ሌላው በ1993። ለኔ ዓይነቱ ደግሞ ዳርዊን ተመቸ። የሚያዳልጥ ኳስ ለመቅለብ ያስቸግራል፣ ለቡጢ ግን ምንም አይል።

አንድ ዓመት ለንደንም ሠርቻለሁ። እዚያ በራግቢ ሜዳ ላይ በትንሽ ሰው ይጫወታሉ፤ አዝናኝ ነው፣ ብዙ የሚወራ ግን የለውም።

ክለብ የሚቀያይር ሰው ታማኝ አይደለም የሚሉ አሉ። ግን በትልቁ ሊግ ዴል ኪኬት የተባለው ተጫዋች በፊትዝሮይ፣ ዌስት ኮስት፣ ሴንት ኪልዳና ኤሰንደን አልፎ የረጋው አምስተኛው ክለብ ፍሪማንትል ላይ ነው። ማርቲን ፓይክ ለአራት ክለቦች ተጫውቶ አራት ዋንጫ በላ፦ በ1999 ከኖርዝ ሜልበርን፣ ከ2001 እስከ 2003 ከብሪዝበን ጋር። ዋንጫ ሲነሳ ታማኝነቱን የጠየቀው አልሰማሁም።

መዘዋወር ለምታስቡ የማውቀውን ልበል። ቪክቶሪያ ውስጥ የዝውውር በር ጁን 30 ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ወረቀታችሁ ማለቁን ራሳችሁ አረጋግጡ። የተነገራችሁ ክፍያ በጽሑፍ ይሁን፤ ስትጎዱ ይቀጥል አይቀጥል ጠይቁ። ኢንሹራንሱን ደግሞ በደንብ አንብቡ። እኔ ትከሻዬ ወልቆ መሰላል መውጣት ሲያቅተኝ የክለቡ ሽፋን የቀረብኝን ደሞዝ አይጨምርም ነበር። ገንዘብ ያዋጡልኝ የሐሙስ ማታ ሰዎች ናቸው። አሁን የገቢ ኢንሹራንስ በራሴ ከፍዬ ይዣለሁ፤ አዲስ ክለብ ሲደውልም ስለ ብሩ ከማውራታችን በፊት የእነሱን ወረቀት በኢሜይል አስልካለሁ።