በኑዛዜ ላይ ያለን ‹ኢሹ› «ልጅ» ብላችሁ አትተርጉሙ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሰነድ ለምትተረጉሙ ነው የምጽፈው፤ ለኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

የእንግሊዝኛው ‹ኢሹ› (issue) በከተማ አፍ «ችግር» ሆኗል፤ «የኔትወርክ ኢሹ አለ» እንላለን። ሰነድ ላይ ሌላ ነው። በፓስፖርት «የተሰጠበት ቀን»፣ በመጽሔት «ዕትም»፣ በፍርድ ቤት መዝገብ «ጭብጥ»። እዚህኛው ላይ «ጉዳይ» ካላችሁ ዳኛው የሚወስንበትን ነጥብ ከጠቅላላው ክርክር ጋር ታደባልቁታላችሁ።

እኔን ያቃጠለኝ ኑዛዜ ነው። ተናዛዡ «ወንድሜ ቀድሞኝ ቢሞት ድርሻው ለኢሹው፣ ኢሹ ከሌለው ለእህቴ» ይላል። «ልጅ ከሌለው» ብዬ ጻፍሁ፤ ማኅተም አረፈበት። ወንድምየው አንዲት ልጅ ነበረችው፤ እሷም ቀድማ ሞታለች፤ ወንድ ልጇ ግን በሕይወት አለ። እንግሊዝኛው ያንን ልጅ ያወርሰዋል፤ የኔ አማርኛ ባዶ እጁን ይሰደዋል። ኑዛዜው ራሱ ካልገደበው በቀር ‹ኢሹ› ልጅን፣ የልጅ ልጅን፣ ወደ ታች የሚቆጠረውን ሁሉ ይይዛል።

አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። «ተወላጆች» አለ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሚሠራበት ቃል ነው። አንቀጽ 842ም ልጅ ቀድሞ ቢሞት ተወላጆቹ በእሱ ቦታ ተተክተው እንዲወርሱ ያዛል። «ዘር» ይሰፋል፣ ወንድምና የአጎት ልጅ ሊያስገባ ይችላል። «የአብራክ ክፋይ» ለጆሮ ያምራል፤ ግን ያው ልጅ ነው፣ የልጅ ልጁን መልሶ ያስቀረዋል።

ላርመው ስሄድ ሰነዱን የተቀበለው ሠራተኛ «ማኅተም ያረፈበት አይነካም» አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ስህተቱን በጣቴ እያሳየሁት እንደዚያ ማለቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሙሉውን እንደ አዲስ ተርጉሜ፣ ከእንግሊዝኛው ጋር አያይዤ፣ የፊተኛው እንዲሰረዝ በማመልከቻ ጠየቅሁ። የተለወጠውን ቃል ከነመስመር ቁጥሩ ማመልከቻው ውስጥ ጻፉ፤ ያለዚያ ሁለቱን ትርጉም አስተያይቶ የሚያነብላችሁ የለም።

«ቃል በቃል ተርጉሙ» የሚለውን መመሪያ ለዚህ ቃል አልቀበለውም። ሥሩ ላቲን ነው፣ «መውጣት»፤ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ገባ፣ ‹ኤግዚት›ም ዘመዱ ነው። በ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 9፥20 ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ደም የሚፈስሳት ሴት ሕመሟ ‹የደም ኢሹ› ተብሏል። ስለዚህ መጀመሪያ «ምን ወጣ? ከማን ወጣ?» በሉ፦ ከመሥሪያ ቤት ፓስፖርት፣ ከክርክር ጭብጥ፣ ከሰው ተወላጅ።

ኑዛዜ ሲሆን የትርጓሜ አንቀጹን፣ ማለት ቃላቱ በኑዛዜው ውስጥ ምን ማለት እንደሆኑ የሚናገረውን፣ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ የጉዲፈቻ ልጅ መግባት አለመግባቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ይጻፋል። ከዚያ በወረቀት ሦስት ትውልድ ሳሉ፤ መካከለኛውን ሰርዙትና አማርኛችሁን እንደገና አንብቡት። ታችኛው ድርሻውን ካጣ፣ ማኅተሙ ሳያርፍ አርሙት።