በአንዲት «ኤ» ምክንያት ጨረታ ወደቅሁ

የጽሕፈት መሣሪያ ይዛችሁ ጨረታ የምትገቡ ሁሉ ይህን አንብቡ። ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እኛ «ስቴሽነሪ» ብለን እንገላገላለን። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ተብለው የሚነበቡ ሁለት ቃላት አሉ። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት በፊት «ኢ» ካለ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ፖስታ ማለት ነው። እዚያው ቦታ «ኤ» ከገባ ግን «ባለበት የቆመ፣ የማይንቀሳቀስ» ይሆናል። በንጉሡ ሠ «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥለው፣ በእሳቱ ሰ «ሰአሊ» ደግሞ የሚለምነው እንደሆነው ማለት ነው።

ሰነድ መግዛቱ፣ ሲፒኦ (የባንክ የክፍያ ማዘዣ) ማሠራቱ፣ ኦሪጅናሉንና ኮፒውን ለየብቻ ማሸጉ የተለመደ ነው፤ አላስቸገረኝም። ጣጣው የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ የዕቃውን ምድብ በ«ኤ» መጻፉ ነው። እኔ የዋጋ ማቅረቢያዬን በትክክለኛው በ«ኢ» ጻፍኩ። በቴክኒክ ግምገማው ወደቅሁ። ምክንያቱ «የቀረበው ዕቃ ከተጠየቀው ምድብ ጋር አይገናኝም» ይላል።

የወረቀቱ ግራም ወይም የቶነሩ ሞዴል መስሎኝ ግዢ ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደሏን በእስክሪብቶ ከበበልኝ።

«የምድቡን ስም ቀይረሻል፣ እህቴ።»

«አልቀየርኩም። የተሳሳተው የእናንተ ሰነድ ነው።»

ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። «ይኸው፣ ቃሉ ዲክሽነሪ ላይ አለ!»

«ትርጉሙንም ያንብቡት እንጂ።»

አነበበው። የማይንቀሳቀስ። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ወረቀት ይንቀሳቀሳል እንዴ?» አለኝ።

እስካሁን ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። የቅሬታ ደብዳቤ አስገባሁ። «ኮሚቴው ያየዋል» ተባልኩ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰብሳቢው የለም፤ ሰብሳቢው ሲኖር ፋይሉ የለም። ደብዳቤዬ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር አሸናፊው ውል ፈረመ። እሱ ምን አድርጎ አለፈ? የምድቡን ስም ከነስሕተቱ ገልብጦ።

የሚያናድደው ደግሞ ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ እንደ አዟሪ ሳይንከራተት ቋሚ ቦታ ይዞ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው «ስቴሽነር» ይባል ነበር። ዕቃው ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ይህን ለኃላፊው አልነገርኩትም። ብነግረው ደስታውን አልችለውም ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህራን «ሁልጊዜ ትክክለኛውን ጻፉ» ይላሉ። በራሳችሁ ደብዳቤ ላይ እሺ። በእነሱ ፎርም ላይ ግን ያሉትን እንዳለ ገልብጡ። ካላስቻላችሁ ጨረታው ሳይዘጋ ማብራሪያ በጽሑፍ ጠይቁ። ከተዘጋ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ኮምፒዩተሩ ያርመኛል ብላችሁም አትተኙ። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር አይወጣባቸውም። መንታ ቃላትን በሁለት ዓምድ ጽፎ መሸምደድ የሚባለውን ዘዴ እኔ አላምንበትም፤ ፈተና ላይ ሁለቱም አብረው ይመጡና የትኛው የትኛው እንደነበር ይጠፋል። የምትጠቀሙበትን አንዱን ብቻ ያዙ። «ኢንቨሎፕ» በ«ኢ» ይጀምራል፤ የእኛም ሸቀጥ በ«ኢ» ነው። አለቀ።

ከባንክ ጋር ለምትዋዋሉ «ፕሪንሲፓል» እና «ፕሪንሲፕል» ከዚህ ይብሳሉ። በ«ኤ ኤል» የሚያልቀው ወለድ የሚታሰብበት ዋናው ብድር ነው፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርም እንዲሁ። በ«ኤል ኢ» የሚያልቀው መርህ ነው። የብድር ውል ላይ መርህ የምትከፍሉ ሆናችሁ ካገኛችሁት ሳትፈርሙ አሳርሙ። እዚህ ላይ መገልበጥ የለም፤ ገንዘብ ነው።

«ላይሰንስ» ላይ ግን ጊዜ አታጥፉ። እንግሊዞች ስሙን በ«ሲ»፣ ግሡን በ«ኤስ» ይጽፋሉ። አሜሪካኖች ለሁለቱም «ኤስ» ነው የሚሉት። ሰነዱ በየትኛው እንደጻፈው አይታችሁ በዚያው ቀጥሉ። ይህን ሁሉ አንብባችሁ «ኤስ»ን ወደ «ሲ» ቀይራችሁ ብትወድቁ እኔ አላዝንላችሁም።